በርጩማዋን የደበቅኳት ለክፋት አይደለም

እትዬ አምሳል፣

ከወንድማችን ከእሱባለው ጋር ቁስልሽን ለሐኪም አሳይታችሁ ስትመለሱ እኔን አታገኙኝም። ይፋግ አክስታችን ዘንድ ሄጃለሁ። መኪናው ሊሞላ ስለሆነ ባጭሩ ልጻፍልሽ።

የፈላ ውሃ ፔርሙዙ ውስጥ አለ፣ ከቀዝቃዛው ጋር ቀላቅዪው። ቆመሽ እንዳትታጠቢ። ባለመደገፊያውን ወንበር መታጠቢያው ውስጥ አስገብቼልሻለሁ፤ ከእግርሽ ስር እንዳያንሸራትትሽ የላስቲክ ምንጣፍ አለ።

በርጩማዋን ቆጥ ላይ የሰቀልኳት ለክፋት አይደለም። ዝቅ ብለሽ ከተቀመጥሽ የተተካው ዳሌሽ ሊወልቅ ይችላል ሲሉን ሐኪሞቹ አብረን ሰምተናል።

ወንዛዬም ቢሆን ቁስሉ ድፍን ሳይል ፍል ውሃው ውስጥ አትግቢ።

ይህንኑ ባልኩ ጊዜ እሱባለው በጎረቤት ፊት፣ «ከፍል ውሃው የምትከለክላት እንዳትድን ነው፤ የውርስ ቤታችንን ለብቻዋ ልታስቀር!» አለ።

እሱስ ይበል። የአፉን ነው የተናገረው።

አንቺ ግን ቀና ብለሽ አየሽኝና ዝም አልሽ። ያን ጊዜ እኮ እግርሽን እያጠብኩ ነበር። ተረከዝሽ መዳፌ ላይ እንዳለ ነው ዝም ያልሽው።

አጥቤ ጨረስኩ፤ በጣቶችሽ መሀል ሳይቀር አደረቅኩልሽ። ካልሲሽንም አደረግኩልሽ።

አሁንም እግሬን ልታጠብ ብለሽ ጎንበስ እንዳትዪ። ሰው ጥሪ። እሱባለው እንደሆነ የሴት እግር አያጥብም።

የሚያጥብሽ ካጣሽ ለእኔ ደውዪልኝ። ስለዚያ ቀን ምንም አትበዪኝ። «እግሬ ቆሽሿል» ብቻ በዪኝ፣ እመጣለሁ።

ንብረት