ክብሪት የሰጠኋቸው ጎረቤት

መቐለ፣ ማክሰኞ ኅዳር ፬ ቀን ፲፱፻፴፰ ዓ.ም.፣ ምሽት

ከመ/ቤት ገባሁ። ጫማ አወለቅሁ። ቆሎ ቆረጠምሁ። ዛሬም ከሰይድ በቀር ያጫወተኝ የለም። ግን ስማኝማ፣ ደብተሬ፤ አዲስ ነገር ይዤልህ መጥቻለሁ። ላም ከላይ የፊት ጥርስ የላትም! እውነቴን ነው። ሰይድ ሱቅ ደጅ የታሰረችው አፏን ስትከፍት አየሁ። ታማለች ብዬ ሮጥኩና ነገርኩት። ሰይድ የወሎ ሰው ነው፣ የአሞሌ ጨው ነጋዴ። እንባው እስኪመጣ ሳቀብኝ። የሁሉም ላም አፍ እንዲህ ነው አለኝ። ይኸን ሁሉ ዘመን ወተት ስጠጣ አንድ ቀን አፏን አላየሁም። የአዲስ አበባ ልጅ መሆን እንዲህ ነው።

ሐሙስ ኅዳር ፮፣ ጧት

ብርድ ነው። የግቢው ዶሮ ደጃፌ ላይ ፀሐይ ትሞቃለች። ትኩር ብዬ አያታለሁ፤ ሌላ የማየው ሰው የለኝ። አንተዬ፣ ዶሮ ዓይኗን የምትጨፍነው ከታች ወደ ላይ ነው! የታችኛው ቆብ ነው የሚወጣው። ለሰው ልናገር ብዬ ብድግ አልኩ። አደይ ለተብርሃን፣ ቤቱን ያከራዩኝ ጎረቤቴ፣ እህል ያበጥራሉ። አንገታቸውን ሰበር አድርገው ሰላም አሉኝ፣ አለቀ። ነገሬን ዋጥ አድርጌ ተመለስኩ። ምን በደልኳቸው? የሸዋ ሰው ስለሆንኩ ነው? ንቀውኝ ነው? አናደዱኝ።

ከሰዓት በኋላ

አለቃዬ አስጠሩኝ። ደሴ ቦታ ተገኝቷል፤ ከፈለግህ ሂድ፣ ሰኞ ቁርጡን ንገረኝ አሉ። ደሴ እህቴ አለች። እዚህ ምን አለኝ? የዶሮ ዓይን? እሄዳለሁ።

ቅዳሜ ኅዳር ፰

ሰይድን ልሰናበት ሄድኩ። ግመሎቹ ጨው አራግፈው ተኝተዋል። ሻኛቸው ውስጥ ያለው ውሃ አይደለም፣ ስብ ነው አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን በደስታ እጮህ ነበር። መሄዴን ነገርኩት፤ ሴትዮዋ እንደ ዘጉኝም ነገርኩት። ምን አድርገሃቸው ነበር? አለ።

ምንም! እንዲያውም በጎ ነው የሠራሁት። በመጣሁ በሳምንቱ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ገል፣ የሸክላ ስባሪ፣ ይዘው እሳት ሊጭሩ መጡ። የኔ ምድጃ ቀዝቃዛ ነው፤ ቤት እንዳይቃጠል ፈርቼ ማታ ማታ ውሃ እደፋበታለሁ። ስለዚህ ክብሪቴን ሰጠኋቸው፣ ሙሉውን። ይውሰዱት፣ ከእንግዲህ አይቸገሩ አልኩ። የበሩ መድረክ ላይ አስቀምጠውት ሄዱ።

ሰይድ ዛሬ አልሳቀም። "አንተ ሰው፣ ሁለተኛ ደጄን አይርገጡ ነው እኮ ያልካቸው" አለኝ። ክብሪትማ እሳቸውም ቤት አለ። እሳት መጫሩ ሰበብ ነው፤ አዲሱ ጎረቤት እንዴት አደረ ብሎ ለማየት ነው አለኝ። እኔም በማግሥቱ ገል ይዤ መሄድ ነበረብኝ። እኔኮ ክብሪት ያጣ ሰው የሚያደርገው ነገር ይመስለኝ ነበር!

ጉድ ነው። ወር ሙሉ ኮሩብኝ ብዬ ሳማቸው የኮራሁት እኔ ነኝ። አዘንኩ፣ በጣም አዘንኩ።

እሑድ ኅዳር ፱፣ ከቅዳሴ መልስ

ገል ይዤ ሄድኩ። ያጠናሁት ትግርኛ ሁሉ ጠፋብኝ። "ሓዊ" ብቻ አልኩ፣ እሳት። አደይ ገሌን አዩ። ከዚያ ሁለት ፍም አወጡልኝ። የኔን እሳት ማታ ምን እንደማደርገው ጠየቁ። ውሃ እንደምደፋበት በእጄ አሳየኋቸው። አፋቸውን ያዙ። "ኣታ ወደይ! ሓዊ ብማይ?" አንተ ልጄ፣ እሳት በውሃ? ማለታቸው ነው።

ፍሙን ሰብስበው አመድ አለበሱና አሳዩኝ። ይዳፈናል እንጂ አይጠፋም፤ እንዲህ ሆኖ ያድራል። ሌላ ነገር አላወራንም። ግባም አላሉኝ። ስለ ክብሪቱ ይቅርታ ልል አስቤ ነበር፤ አላልኩም። ፍሜን ይዤ ወጣሁ። ስለ ዶሮዋም ሳልነግራቸው።

ምሽት

ዳፈንኩት። አመዱን ሁለት ጊዜ ገለጥ አድርጌ አየሁት። ሦስተኛ ከነካሁት ይጠፋል፤ ተኛ፣ ሞኝ።

ሰኞ ኅዳር ፲፣ ጧት

አድሯል! ፍም አድሯል፣ ቀይ ነው! ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝም። በሩን ወለል አድርጌ ከፈትኩና ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም። ከአደይ ለተብርሃን ቤት ጭስ ይወጣል፤ የሳቸውም ደኅና አድሯል። ተናደድኩ። ሰው የጎረቤቱ እሳት አደረ ብሎ ይናደዳል?

የመ/ቤት ሰዓት ደረሰ። ለአለቃዬ እቆያለሁ ልላቸው ነው። የአደይ እሳት አንድ ቀን መጥፋቱ አይቀርም። ያን ቀን ቤት መገኘት አለብኝ።