ሥሩ ለደኅንነት ሲባል ስለ ተቆረጠው የገና ጥድ

ለክቡር አቶ ሰውአገኝ
የአካባቢያችን የአደጋ ጥንቃቄ ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጎንደር

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የቤተሰብዎን ጤና፣ የወንበርዎን መደላደልና የአዲሱን ምንጣፍዎን ንጽሕና በትሕትና እጠይቃለሁ። እኔ ጡረተኛዋ መምህርት ሸዋገነት፣ የጽሕፈት ቤትዎ የዘንድሮ «ሞዴል የበዓል ዛፍ ጠባቂ»፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ደኅና ያልሆነው ዛፉ ነው።

በአደባባይ የምጽፍልዎ አምስት ጊዜ ቢሮዎ ተመላልሼ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስላለችኝ ነው። ስብሰባው ስለ ጥንቃቄ እንደሚሆን አልጠራጠርም።

በኅዳር ወር ስለ ገና ዛፍ አያያዝ ባሠለጠኑን ጊዜ፣ ዛፉ ከሻማ ይራቅ፣ የመብራቱ ገመድ የተላጠ አይሁን፣ ስትተኙና ከቤት ስትወጡ አጥፉት ሲሉን፣ ከፊት ተቀምጬ ሁሉንም በደብተር የጻፍሁት እኔ ነበርሁ። የእኔ ዛፍ ግን እንደ ሌላው ሰው ቅርንጫፍ ወይም ፕላስቲክ አልነበረም። ባለቤቴ እንግዳው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የዛሬ ሰባት ዓመት ከኮሶዬ ደጋ በዘይት ቆርቆሮ ተክሎ ያመጣው፣ ሥር ያለው የሐበሻ ጥድ ነበር። በየገናው መብራትና ጥጥ አለብሰዋለሁ፤ በዓሉ ሲያልፍ አራግፌ ወደ ደጅ አወጣዋለሁ። እንግዳው ሊሞት ሲል «ትከሻሽ ላይ ሲደርስ ከራስጌዬ ትተክይልኛለሽ» አለኝ። ዘንድሮ ትከሻዬ ላይ ደረሰ። ጉድጓዱንም ቤተ ክርስቲያኑን አስፈቅጄ ለጥምቀት ማግስት አስቆፍሬ ነበር።

ይህን ሁሉ ታኅሣሥ ሃያ ሁለት ቀን ቤቴን ሊገመግሙ ሲመጡ ነግሬዎታለሁ። አንገትዎን ደፍተው ሰሙኝ፣ የምስክር ወረቀት ሰጡኝ፣ ከዚያም ዛፉን ለአራት ቀን ብቻ፣ ለልምድ ልውውጥ፣ ለጽሕፈት ቤትዎ አዳራሽ እንዳውስዎ ለመኑኝ። ትክል ድንጋይ ከተማ ዘመድ ጥየቃ ስሄድ ዛፉን የምታጠጣልኝ ጎረቤቴ ሒክማ «ምነው እትዬ፣ ሥር ያለው ነገር በውሰት ይሰጣል እንዴ?» ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም። እርስዎ «በአያ እንግዳው አጥንት፣ እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ» ብለው ምለውልኛልና።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር ላቅርብ፤ ጽሕፈት ቤትዎ ተራ ቁጥር የሌለው ነገር አይቀበልም።

፩ኛ. ቆርቆሮው ለፎቶግራፍ አያምርም ተብሎ ከነአፈሩ ስለ ተጣለልኝ አመሰግናለሁ። እኔ ሰባት ዓመት ሙሉ ሳየው አስቀያሚነቱን ልብ አላልሁም።

፪ኛ. የአዳራሹ ዘበኛ አያ አለበል እያዘነ እንደ ነገረኝ፣ እርጥብ አፈር ከኤሌክትሪክ ገመድ ጋር አደገኛ ነው ተብሎ፣ ዛፉም ወርቃማ ቀለም በተቀባው የብረት መቆሚያ እንዲገባ፣ ሥሩ በመጋዝ ተቆርጧል። ለጥንቃቄዎ እጅ እነሣለሁ። ይህን ትምህርት በሥልጠናው ላይ ቢሰጡን ኖሮ በሬን ቆልፌ እጠብቅዎ ነበር።

፫ኛ. ገናን ባዶ ጥግ ሳይ ከዋልሁ በኋላ፣ በአራተኛው ሳይሆን በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ዛፉን ከነመብራቱ በባጃጅ ስለ ላኩልኝ አመሰግናለሁ። አንድም አምፖል አልተሰበረም። ቅጠሉ ግን በነካሁት ቁጥር ይረግፋል። ሒክማ አይታ «ብዬሽ ነበር» አላለችኝም፤ መጥረጊያ አምጥታ ወለሉን ጠረገችልኝ።

፬ኛ. በማስታወቂያ ሰሌዳዎ የተለጠፈውን ሪፖርት አንብቤዋለሁ። «ዝግጅቱ በሕይወትም በንብረትም ላይ አንዳች ጉዳት ሳይደርስ በስኬት ተጠናቋል» ይላል። ከግርጌው ፊርማዎ አለ። ሦስተኛ ክፍል ሳስተምርዎ ከነበረው የእጅ ጽሕፈትዎ በጣም ተሻሽሏል።

ክቡር ሆይ፤ ቀልዱን እዚህ ላይ ልተወው። ዛፉን እሳት ቢበላው እንዲህ አይከፋኝም ነበር፤ እሳት አልማለልኝም። እርስዎ ግን መጀመሪያ ሲቀጠሩ ዋስ አምጡ ተብለው የሚፈርምልዎ ሰው ሲያጡ፣ ሥራውን ጥሎ በዝናብ ሄዶ የፈረመልዎ እንግዳው ነበር። ያመንሁዎ ስለ ማሉልኝ አይደለም፤ እሱ ስላመነዎ ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ለተማሪዎቼ ስተረጉም ኖሬ፣ ትርጉሙን አሁን አወቅሁት። ከድተውኛል። ከእኔ ይልቅ ደግሞ እሱን ከድተውታል።

በጸሐፊዎ በኩል «ምትክ ችግኝ እንልካለን» ማለትዎን ሰምቻለሁ። አይድከሙ። እሱ ትከሻዬ ላይ እስኪደርስ እኔ አልቆይም።

ሞዴልነቷ በማኅተምዎ የተረጋገጠላት፣ ከተማረችው አንዱንም ያላጎደለች፣ ዛፏን ከሻማ እንጂ ከኃላፊ መጠበቅ ያልተማረች፣ የቀድሞ አስተማሪዎ

ሸዋገነት

ማስታወሻ፦ ጉድጓዱን አላስደፈንሁትም። ሪፖርትዎን ይዘው ይምጡና ከእንግዳው ራስጌ ቆመው ጮክ ብለው ያንብቡለት። «አንዳች ጉዳት ሳይደርስ» የሚለው ላይ ሲደርሱ አይቸኩሉ፤ የሚሰማዎ ዋስዎ ነው።