ፊት ለፊቴ አትቁሚ

ጥቅምት 14 ቀን

ኩርፊያሽን ይዘሽ እናትሽ ቤት ለገባሽው ለባለቤቴ ይድረስ፤

እንደምን ከርመሻል? ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። «በልብስ ሰፊው ጎረቤታችን እያስጻፍክ አትላክብኝ፤ ፊደል ቆጥረህ ራስህ ጻፍልኝ» ብለሽ አልነበር? ቆጠርኩ። የማታ ትምህርት ቤቷ መምህርት «እንዳንተ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም» ብላኛለች። ሙገሳ ይሁን ስድብ አልጠየቅኋትም፤ እኔ በሙገሳ ይዤዋለሁ። ፊደሎቼ ዳቦ የሚያካክሉት ግን ባለማወቅ እንዳይመስልሽ።

ሥራዬን «ብረት መብሳት» እያልሽ ታቃልይው ነበር። የአውሮፕላን ሞተር ውስጥ እሳት መሃል የሚሽከረከሩ፣ ቅጠል የሚመስሉ ብረቶች አሉ። እንዳይቀልጡ የመርፌ ውፍረት እንኳ የሌላቸው የአየር መውጫ ቀዳዳዎች ይበሱላቸዋል። መሰርሰሪያ ስለማይደፍራቸው የምንበሳቸው ሌዘር በሚሉት ጨረር ነው። ጨረሩ በዓይን አይታይም፤ የሚታየው ፍንጣሪው ነው። ማሽኑ በሩ ካልተዘጋ አይነሳም። እኛ ግን በሩ ላይ ማግኔት ለጥፈን፣ ክፍቱን ዝግ እናስመስልበታለን፤ የመጀመሪያው ቀዳዳ ዘልቆ ሲወጣ ጎንበስ ብለን ካላየን አናምንማ።

የማታ ትምህርቴን በጨረስኩ ሳምንት፣ መከላከያ መነጽሬን ላብ ቢያደበዝዘው ወደ ግንባሬ ሰቀልኩት። «ይሄ ጨረር እኔን ያውቀኛል» ብዬ ባልደረቦቼን አስቄ ሳልጨርስ፣ ከብረቱ ነጥሮ ዓይኖቼ ገባ። አላመመኝም እኮ።

አሁን ሁለቱም ዓይኖቼ መሃል ጥቁር ነገር ተቀምጧል። የማየው ሰው ሁሉ ጆሮና ትከሻ እንጂ ፊት የለውም። የአለቃዬን ፊት ከማየት መገላገሌ መቼም አይከፋም። ይህንንም የምጽፈው ከወረቀቱ ጎን ጠረጴዛውን እያየሁ፣ በዓይኔ ዳር ነው።

«የተቃጠለው አይመለስም፤ ጥቁሩም እየሰፋ ነው» አለኝ ሐኪሙ።

«እስከ መቼ አያለሁ?» ብዬ ብጠይቀው፣

«ማየት እስክታቆም» አለኝ።

ከኔ የባሰ ቀልደኛ ነው። አልሳቅኩም።

ትናንት ሻይ ስቀዳ እጄ ላይ አፈሰስኩት። የሚስቅብኝ ሰው እንኳ ቤት ውስጥ የለም። ፈርቻለሁ፣ እመቤቴ። ነይ። አስታሚኝ አይደለም የምልሽ፤ ጥቁሩ ሳይሞላ ፊትሽን ልይ።

ስትሄጂ «አንድ ቀን እንኳ ዓይን ዓይኔን እያየህ ቁም ነገር አውራኝ» አልሽኝ፤ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ ቀለድኩ። አሁን ዓይን ዓይንሽን ባይ አጣሻለሁ። ስለዚህ ስትመጪ ፊት ለፊቴ አትቁሚ። ገብተሽ ወደ መስኮቱ ዞሬ ብታገኚኝም «ዛሬም ያው ነው» ብለሽ እንዳትመለሺ። ያኔ ነው የማይሽ።

መንገድሽን ያቅናው፣ እግርሽን ከእንቅፋት ይጠብቀው።

ያንቺው ቀልደኛ
በገዛ እጁ