ቀይ ክር የታሰረባት ቫልቮላ፦ የወይዘሮ ድርቤ ሞረዳ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ድርቤ ሞረዳ ከአባታቸው ከአቶ ሞረዳ ዋቅወያና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺአረግ በ1910 ዓ.ም. በሲሬ ተወለዱ። አባታቸው የሲሬ ተወላጅ፣ እናታቸው ደግሞ ከጎጃም የመጣ ቤተ ሰብ ልጅ ስለ ነበሩ፣ በቤታቸው ኦሮምኛውም አማርኛውም እኩል ይነገር ነበር። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ነቀምቴ ከዘመድ ቤት ተቀምጠው በሚስዮን ትምህርት ቤት ማንበብና መጻፍ፣ ሒሳብና የልብስ ስፌት ተማሩ። መምህሮቻቸው ስለ እርሳቸው ሲናገሩ፣ አንድ ስፌት ከተበላሸባቸው እራት ሳይበሉ ፈትተው እንደ ገና ይሰፉት ነበር ይላሉ። ይህ ጠባያቸው እስከ መጨረሻው አብሯቸው ኖሯል።

በ1927 ዓ.ም. ከአቶ ገቢሳ ጋር በሕግ ተጋብተው ባቻ የተባለ ወንድና ዘርትሁን የተባለች ሴት ልጅ ወለዱ። አቶ ገቢሳ በመንገድ ሥራ ተቀጥረው ሲሠሩ፣ በ1948 ዓ.ም. ደዴሳ በረሃ ወባ ይዟቸው አረፉ። ከዚያ ወዲህ ወይዘሮ ድርቤ በሲሬ አውቶቡስ መቆሚያ አጠገብ የስፌት መኪናቸውን ዘርግተው ሁለቱን ልጆቻቸውን ብቻቸውን አሳደጉ። የወንድማቸው የአቶ ተረፋ ልጅ የሆንኩትን እኔን ኢትዮጵያ ተረፋንም ያሳደጉኝ እርሳቸው ናቸው፤ ይህን ታሪክ እንድጽፍ ያዘዙኝም እርሳቸው ናቸው። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ከዚህ በታች ያለው ክፍል እንዲወጣ ትናንት ለምነውኝ ነበር። አክብሬ ሰምቻቸዋለሁ፤ አላወጣሁትም።

ልጃቸው ባቻ ወታደር ሆኖ ወደ ኮንጎ ዘመተ። በ1953 ዓ.ም. ከዘመቻው የተመለሰ ጓደኛው አንድ መልእክት ይዞ ሲሬ መጣ። ወታደሮቹ ለቤተ ሰቦቻቸው የሚልኩት ሰላምታ በድምፃቸው ተቀድቷል፤ በሚመጣው እሑድ ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ ይተላለፋል፤ «አዮ፣ እናቴ፣ እንድትሰማኝ» ብሏል አላቸው። በዚያን ጊዜ በአካባቢያቸው ሬዲዮ ያለው ቤት አልነበረም። ወይዘሮ ድርቤም በገበያው ቀን ነቀምቴ ወርደው፣ ዛሬ ከፊታችን በክብር ተቀምጠው ከሚያለቅሱት ከአቶ መሸሻ ሱቅ ገቡና፣ ሌላ ሰው የተገለገለበት በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ አንድ ሬዲዮ መረጡ።

አቶ መሸሻ ሬዲዮውን አብርተው አሰሙ። ጥርት አድርጎ ተናገረ። ጀርባውንም ከፍተው እንደ አምፖል የሚበሩትን አራቱን የመስታወት ቫልቮላዎች አሳዩና፣ ትልቋን በጣታቸው እየነኩ «አዴ ድርቤ፣ ድምፁን የምታወጣው ይቺ ናት» አሉ። የገበያ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ እኛ ዘንድ የገዛነውን ዕቃ ለጊዜው ሻጩ ዘንድ ትተን ስንሄድ እንዳይለወጥ ምልክት እናስርበታለን፤ በቅቤው ቅል ላይ ቅጠል፣ በዶሮዋ እግር ላይ ክር። ወይዘሮ ድርቤም የአውቶቡስ ቦታ ለመያዝ ይሄዱ ነበርና፣ አቶ መሸሻ ወደ ሌላ ደንበኛ ዞር ባሉ ጊዜ ከቦርሳቸው ቀይ ክር መዝዘው በትልቋ ቫልቮላ ላይ፣ ከታች ከሥሯ አሰሩ። ሲመለሱ ሬዲዮው በሣጥን ታሽጎ በሚስማር ተመትቶ ጠበቃቸው። አቶ መሸሻም ጀርባውን የከፈተ ሰው ኤሌክትሪክ ይገድለዋል ብለው አስጠነቀቋቸው። ሣጥኑን እስከ ሲሬ ድረስ በጭናቸው ላይ ይዘውት ሄዱ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ጎረቤቱ በሙሉ ተሰበሰበ። አግዳሚ ወንበር ከቤተ ክርስቲያን መጣ። ሬዲዮው ግን እንኳን ሊናገር አላንሾካሾከም። መንገድ ላይ ብርድ መቶት ይሆናል ተብሎ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ፤ ድንጋዩም ወጥቶ አብሮ ሞቀ። ሰዓቱ አለፈ። ሰዎቹ አንድ በአንድ ደህና ዋሉ እያሉ ሲወጡ ወይዘሮ ድርቤ እጃቸውን ከሬዲዮው ላይ አላነሡም።

በሳምንቱ ሬዲዮውን ይዘው ነቀምቴ ተመለሱ። አቶ መሸሻ ሱቁ ሙሉ ሰው ቆሞ እያለ «አዴ ድርቤ፣ ሬዲዮ እንደ ስፌት መኪና በመርገጥ አይናገርም እኮ» አሉ። ገበያው ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከነቀምቴ እስከ አኖ ድረስ ሲጠሩት የማይመልስ ሰው «የድርቤ ሬዲዮ» ተባለ። በልጆች ዘንድ እስካሁን ይባላል፤ ከየት እንደ መጣ ያላወቃችሁ ዛሬ ዕወቁ።

በ1954 ዓ.ም. መጀመሪያ ባቻ ኮንጎ ላይ መሞቱ ተነገራቸው። አስከሬን አልመጣም። ፎቶግራፉ ተቀምጦ ተለቀሰ። እናቱ የልጃቸውን ድምፅ የሚሰሙበት አንድ ቀን ነበራቸው፤ ያም ቀን ሳይሰሙ አለፈባቸው።

ለቅሶው ካበቃ በኋላ ወይዘሮ ድርቤ የስፌት መኪናቸውን ካቻቢቴ አንሥተው የሬዲዮውን ጀርባ ፈቱ። ከዚህ ወዲያ ኤሌክትሪኩ ቢገድላቸውም ግድ አልነበራቸውም። ትልቋ ቫልቮላ አናቷ እንደ ወተት ነጥቷል፤ ክሩም የለባትም። ቫልቮላዋ እንደ ተለወጠች በዚያች ደቂቃ ገባቸው። አቶ መሸሻን ሲጠይቋቸው «የሌለ ክር ምስክር ይሆናል እንዴ?» ብለው ሸኟቸው። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ድርቤ ያንን ሬዲዮ ለማናገር ማሉ። ወሬ ለመስማት አልነበረም፤ የሳቀባቸውን ሰው አፍ ለመዝጋት ነበር።

አጀማመራቸው ግን መጥፎ ነበር። አቶ መሸሻ በኋላ እንዳያነሡት እኔው ልናገረው። በአውቶቡስ ሹፌር በኩል ከአዲስ አበባ አንድ ቫልቮላ አስመጥተው በነጣችው ቦታ ሰኩ። ሬዲዮው ሁለት ድንጋይ አለው፤ ትንሹ ቫልቮላዎቹን ለማሞቅ፣ ትልቁ ለድምፁ። እርሳቸው ግን ኃይል ያንሰው ይሆናል ብለው የትልቁን ሽቦ በትንሹ ቦታ አገናኙ። አራቱም ቫልቮላዎች አንድ ጊዜ ቦግ ብለው ጠፉ። ይህም ወሬ ነቀምቴ ደርሶ እንደ ገና አሳቀ።

ተስፋ አልቆረጡም። ኡኬ ወደሚኖሩት ጡረታ የወጡ የሬዲዮ ኦፕሬተር ወደ አቶ ወልደዮሐንስ እየተመላለሱ ልብስ እየሰፉላቸው ትምህርት ለመኑ። አቶ ወልደዮሐንስም መጀመሪያ ያስተማሯቸው ትልቁን ድንጋይ ማክበር ነበር። ጤነኛ ቫልቮላ አናቱ እንደ ብር እንደሚያበራ፣ አየር የገባበት ግን እንደሚነጣና ከዚያ ወዲያ አንዲት ቃል እንደማያወጣ ያሳወቋቸውም እርሳቸው ናቸው። እንግዲህ ያቺ የነጣች ቫልቮላ በዚያን ቀን ሱቅ ውስጥ የተናገረችው አይደለችም ማለት ነው።

እንደ ገና ያስመጧቸው አዲሶቹ ቫልቮላዎች ሲሰኩ ደብዘዝ ብለው በሩ፤ ድምፅ ግን አልነበረም። ያን ጊዜ ወይዘሮ ድርቤ የተተረተረ ልብስ እንደሚመረምሩ ከአፉ ጀምረው ወደ ኋላ ሄዱ። ከድምፅ ማጉያው አንሥተው እያንዳንዱን ቦታ በካቻቢቴው ጫፍ ነካ እያደረጉ ጆሮአቸውን ደቀኑ። ማጉያው ራሱ ጠቅ አላለም። ስለዚህ ከሁሉ ቀድሞ እዚያው የሚደርሰውን ሽቦ ሳብ ቢያደርጉት ተነቅሎ እጃቸው ላይ ቀረ፤ ለካ ቀድሞ ጀርባውን ሲፈቱ ጎትተው ያላሉት ራሳቸው ኖረዋል። በከሰል ባጋሉት ብረት የመበየጃ እርሳስ አቅልጠው በየዱት። ድንጋዩን ሲያገናኙት ሬዲዮው መጀመሪያ ተንጫጫ፣ ከዚያም አንድ ሰው ስለ እህል ዋጋ ሲናገር ተሰማ። ይህ የሆነው በ1955 ዓ.ም. ነው። ወይዘሮ ድርቤ አላለቀሱም። «ዘገየህ» አሉት።

ከዚያ በኋላ ሬዲዮ የታመመበት ሁሉ ሲሬ ይመጣ ጀመር። በ1959 ዓ.ም. በአኖ ሱቅ ያላቸው የጉራጌ አገር ተወላጅ አቶ ዱቤ የራሳቸውን ሬዲዮ አምጥተው ነበር። ችግሩ ቀላል ነበር፤ ድንጋዩ ፈስሶ ሽቦውን በልቶታል። ወይዘሮ ድርቤ ጀርባውን ሲከፍቱ ግን በትልቋ ቫልቮላ ሥር፣ ቀለሙ ለቆ፣ በራሳቸው አቋጠር የታሰረ ቀይ ክር አገኙ።

አቶ ዱቤ ሬዲዮውን የገዙት በዚያው ገበያ ቀን ከዚያው ሱቅ ነው። አቶ መሸሻ ሁለት ሬዲዮ ነበራቸው፤ ጤነኛ ትልቅ ቫልቮላ ግን አንድ ብቻ። በእርሷ አንዱን አናግረው ሸጡ፤ ሲያሽጉ አወጧትና ሁለተኛውን አናግረው ሸጡ። አቶ ዱቤን ያናደደውና ያስለቀሰው ግን ሌላ ነገር ነው። ያን እሑድ እርሳቸው ሬዲዮአቸውን ከፍተው ነበር፤ ሐዘን እንዳይቀሰቅሱ ብለው እስከዚያ ቀን አላወሩትም። «ድምፁን ሰምቼዋለሁ አዴ ድርቤ፤ ወላሂ ሰምቼዋለሁ» አሉ። «ባቻ ገቢሳ ነኝ፤ ለእናቴ ለድርቤ ሞረዳ፣ ሲሬ። የሰፋሽልኝን ሸሚዝ ለብሼ ነው የምናገረው። ደህና ነኝ አዮ» ብሎ ነበር። እንግዲህ ልጃቸው የተናገረው በእርሳቸው ቫልቮላ፣ በሰው ቤት ነው። አቶ ዱቤ ቫልቮላዋን እዚያው ነቅለው ሰጧቸው፤ ወይዘሮ ድርቤም ሌላ ደህና ሰኩላቸው።

ነገሩ ለሽማግሌ ቀረበ። አቶ መሸሻ ቀይ ክር በወለጋ ሁሉ ይሸጣል ብለው ተከራከሩ። አቶ ዱቤ ግን የመጀመሪያው ሬዲዮ ሲናገር እዚያው ቆመው እንደ ነበርና የእርሳቸው ገና እየተዘጋጀ ስለሆነ ከቀትር በኋላ እንዲመለሱ እንደ ተነገራቸው መሰከሩ። ሽማግሌዎቹ ፈረዱ። አቶ መሸሻ ምትክ ለመስጠት ተስማሙ። ወይዘሮ ድርቤ ግን ምትክ አልጠየቁም፤ የጠየቁት አንድ ነገር ነው፦ በሳቁባቸው ቦታ፣ በገበያው ቀን፣ ያደረጉትን በአፋቸው እንዲናገሩ። አቶ መሸሻ እምቢ አሉ።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ከሰው የተጣላ ሳይታረቅ ወደ ጌታ እራት አይቀርብም። ሽማግሌዎቹ በጠየቋቸው ቁጥር ወይዘሮ ድርቤ «አልታረቅኩም» ብለው በመቀመጫቸው ይቀሩ ነበር። ቄሳችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ሲሏቸው፣ «ለዚህ ነው የማልቀርበው» አሉ። አንድም ቀን ዋሽተው አልቀረቡም። አቶ መሸሻ ግን ይቀርቡ ነበር፤ በእኔ በኩል ቂም የለም እያሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ወይዘሮ ድርቤ በጉበት ሕመም አልጋ ላይ ከዋሉ በኋላ አቶ መሸሻ የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘው ከሽማግሌዎች ጋር መጡ። ለእርስዎ እናገራለሁ፣ ለገበያ ግን አልናገርም፤ ስም አለኝ አሉ። ወይዘሮ ድርቤም «ልጄም ድምፅ ነበረው» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እነርሱ ሲወጡ እኔን ጠሩኝ። «ለቅሶ ላይ ይመጣል፤ ካልመጣ ነውር ይሆንበታል» አሉኝ። «የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ደግሞ ከድንኳን የሚነሣ ሰው የለም። ፊት አስቀምጪው» አሉኝ። አስቀምጫቸዋለሁ፤ አንጀቴም ቅቤ ጠጥቷል።

ወይዘሮ ድርቤ ሞረዳ በተወለዱ በ54 ዓመታቸው፣ በየካቲት ወር 1964 ዓ.ም.፣ የጌታን እራት ሳይቀበሉ በሲሬ ቤታቸው አረፉ። ከልጃቸው ከዘርትሁን ገቢሳ፣ ከወንድማቸው ከአቶ ተረፋ ሞረዳና ከእኔ ተለይተዋል። ቀይ ክር ያለባት ቫልቮላ በሬዲዮው ውስጥ እንዳለች ለዘርትሁን ተሰጥታለች። አናቷ የነጣችው ደግሞ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አለች፤ አቶ መሸሻ ከቀብር ስንመለስ ንብረታቸውን በሕዝብ ፊት ይረከቡ ዘንድ የወይዘሮ ድርቤ ኑዛዜ ነው።

እዚህ በመቀመጫቸው ቀርተው የተመለከቱትን ማዕድ፣ ለአዳዳ ድርቤ፣ ለአክስቴ፣ ጌታ በራሱ እጅ ያቅርብላቸው፤ ከባቻም ጎን ያስቀምጣቸው፤ ያን የቀረባቸውን ሰላምታ ከአፉ ይስሙት። ለአቶ መሸሻም ረጅም ዕድሜ ከሙሉ ጆሮ ጋር ይስጥልን፤ በየገበያው ቀን ይህ ታሪክ ሲነገር እየሰሙ ይኑሩ። አሜን።