መቶ ሺህ ሦስትና የዙፋን ድርሻ

ጥቅምት 28፣ 2004፣ ማክሰኞ
ቦንጋ ዛሬም ዝናብ። ጠመኔው ረጥቦ አልጽፍ አለኝ። ቢሆንም ዘጠነኛ "ሠ"ን ሥራ አስያዝኳቸው... 100,003 ፕራይም ነው ወይስ አይደለም? ከአንድና ከራሱ በቀር ያለቀሪ የሚያካፍለው ካለ ይገኝ! ትናንት 100,001 ለ11 ተካፍሎ አለቀ። ይኼኛው ካመለጠ ግን ከባለስድስት አሃዝ ፕራይሞች ሁሉ ትንሹ እሱ ነው።

የ100,003 ስኩዌር ሩት 316 ገደማ ስለሆነ መሞከር ያለባቸው እስከዚያ ያሉት ፕራይሞች ብቻ ናቸው። ቆጠርኳቸው፤ ስልሳ አምስት። ተማሪዎቼም ስልሳ አምስት! በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ በተጻፈው ስም ዝርዝር አንድ አንድ አደልኳቸው። ዙፋን ስሟ በዜድ ስለሚጀምር እንደ ወትሮዋ መጨረሻ... 313 ደረሳት። መልሱን እኔም አላውቀውም። ደስ ሲል!

ኅዳር 1፣ ዓርብ
ስልሳ አራቱም "ቀሪ አለው" አሉ። ዙፋን የለችም። ዋጫ፣ አባቷ ዘንድ፣ ለቡና ለቀማ ሄዳለች አሉኝ።

የክፍሉ አለቃ ሻፊ ተነሣ። "ቲቸር፣ በድምጽ ብልጫ ይጽደቅ!" ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። ወይ ጉድ! ስብሰባ ለምደው... "ሒሳብ እጅ በማውጣት አይጸድቅም!" ብዬ ጮህኩ።

"እሺ፣ እኔ ልሥራላት?" አለ።

አይሆንም። የእሷ ነው። እልኸኛ ነሽ ይሉኛል... ነኛ!

ኅዳር 7፣ ሐሙስ
አልመጣችም። ዳይሬክተሩ ጋሽ ጣሰው "እስከ ሰኞ ካልመጣች ከመዝገብ ትሰረዛለች" አሉ። አንዴ ከተሰረዘች መቼ ልትመለስ? 313ን ራሴ ልሞክረው እጄን በላኝ። እስክሪብቶ አነሣሁ... መልሼ አስቀመጥኩት።

ኅዳር 9፣ ቅዳሜ
በሚኒባስ ዋጫ ደርሼ መጣሁ። ጭቃው ጫማዬን ጨረሰው። አባቷን ጋሽ ባፈናን ቡናው ሥር አገኘኋቸው። ዙፋንም ቅርጫቷን ይዛ ቆማለች።

"አስተማሪቷ፣ ስልሳ አራት ልጅ አለዎት። አንድ ብትቀር ምን ይጎድላል?"

"313 ይጎድላል" አልኳቸው። ነገሩን አስረዳሁ። አንድ ሳይሞከር ከቀረ የስልሳ አራቱ ልፋት መልስ አይሆንም። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ታዲያ መልሱ ምንድን ነው?"

"ሠርቼዋለሁ፣ አባዬ። የምናገረው ግን ክፍል ውስጥ ነው።"

የኔ አንበሳ! ጋሽ ባፈና ሳቁ። "ሂጂ እንግዲህ። ለቀማውን እኛ እንጨርሳለን።" ስመለስ መንገዱን ሙሉ ለብቻዬ ፈገግ ስል ነበር።

ኅዳር 11፣ ሰኞ
መጣች! ጣቶቿ በለቀማ ሻክረዋል። ሰሌዳው ላይ ጻፈች... 313 ሲባዛ በ319፣ 99,847። ቀሪ 156። 100,003 ፕራይም ነው! ክፍሉ ተነሥቶ አጨበጨበ። ሻፊ "በሙሉ ድምጽ!" ብሎ ሲጮህ ሳቄ አመለጠኝ። ኮራሁ። በእውነት ኮራሁ።

በደስታ ስም መጥራት ረስቼ ኖሯል። ሊደወል ሲል ጠራሁ። ስልሳ አራቱ አለቁ።

"ዙፋን ባፈና?"

ሌላ ጊዜ ድምጿ አይሰማም ነበር። ዛሬ ግን...

"አለሁ!"

መዝገቡ ላይ ምልክቷን አደረግኩ። ስልሳ አምስት።