በቆርቆሮው አጥር ላይ ስለ ተሳለችው ልብስ ሰፊ

ለተከበሩ የከተማችን የጉባኤ መስተንግዶ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

የእርስዎም የቤተሰብዎም ጤና እንደ ጉባኤ አዳራሹ መስታወት ጠዋት ማታ የሚወለወል ይሁን እያልኩ፣ ከአዳራሹ ፊት ለፊት አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልብስ ስሰፋ የኖርኩት እኔ፣ ከአጥርዎ ጀርባ ሆኜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ድምፄ ካልደረሰዎ በቆርቆሮው ምክንያት ነውና አይቀየሙኝ።

አንደኛ፣ እንግዶች ወደ ከተማችን ለምን እንደሚመጡና በምን እንደሚደሰቱ ለማወቅ አርባ ጥያቄ ያለው ቅጽ ስላዘጋጁ አመሰግናለሁ። አጥሩ ሳይመጣ ሱቄ ቁጭ ብለው የሞሉት እንግዶች እንደነገሩኝ፣ ስለ መጋረጃው ቀለም ብቻ ሦስት ጥያቄ አለው። ከከተማው ሰው ጋር መጨዋወታቸውን የሚጠይቅ ስላጡበት ግን፣ ደስ ያላቸው እሱ መሆኑን ከቅጹ ጀርባ ጻፉት። ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው አይደል? ጀርባውን የሚያነብ ሠራተኛ ስለሌለዎ አልፈርድብዎም።

ሁለተኛ፣ ለእንግዳ ዓይን አያምርም ተብሎ ሱቄ ሲጋረድ፣ በቆርቆሮው ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ፈገግ ብላ ስትሰፋ አስለዋል። ቅናት አይምሰልብኝ እንጂ፣ ከእኔ ትቀጥናለች፤ መርፌዋም ክር የለውም። እኔ በጎረቤቴ ጓሮ ሾልኬ ስገባ እሷ አደባባይ ላይ ናት።

ሦስተኛ፣ ባለፈው ማክሰኞ አንድ ፕሮፌሰር ንግግር ሊያደርጉ ግማሽ ሰዓት ሲቀራቸው ሱሪያቸው ከኋላ ተተረተረ። ሥዕሏን አይተው እየሮጡ መጥተው ቆርቆሮውን ደበደቡ። እኔ ከዚህ፣ እርሳቸው ከዚያ ሆነን ብንቸገር፣ ሱሪው በአጥሩ ላይ ተወረወረልኝ፤ የእርስዎ ዘበኛም፣ እግዜር ይስጠውና፣ ሰፍቼ መልሼ እስክወረውረው ሰውየውን በካፖርቱ ሸፍኖ ቆመ። ኋላ ዘበኛው እንዳጫወተኝ፣ ፕሮፌሰሩ ንግግራቸውን የከፈቱት «ከዚህ ከተማ የማልረሳው ፊቷን ያላየኋትን ሴት ነው» ብለው ነው። እርስዎም ፊተኛው ወንበር ላይ ሆነው አጨብጭበዋል አሉ። እጅዎ ይባረክ።

ቀልዱን ልተወውና፣ ደጄን የሚረግጥ ደንበኛ ካጣሁ ወር ሆነኝ። አጥሩም በቋሚነት ይቀራል ተብሏል፤ ሌላ ሙያ የለኝም። የምለምነው አንድ ሰው የሚያሳልፍ በር ብቻ ነው። ሥዕሏ ካለችበት ቢቆረጥ አልከፋም።

ከአጥር በታች ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ አክባሪዎ፣
ክር ያላት ልብስ ሰፊ

ማስታወሻ፦ ለሐሙሱ ጉባኤ መክፈቻ እንዳጠብብልዎ ከአጥሩ በፊት የላኩት ኮት አልቋል። ሹፌርዎ ሊወስድ ሦስት ጊዜ መጥቶ፣ አጥሩን ዞሮ ዞሮ መግቢያ አጥቶ ተመልሷል። በሩ እስከ ሐሙስ ካልደረሰ አይጨነቁ፤ ሠዓሊው ሸሚዝዎ ላይ ኮት ይሣልልዎ።