ወርቅ ያልተገኘበት ቡናሽ

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለከዲጃ፤ ድሬዳዋ።

ከሰላምታው በፊት ክስ አለኝ። የላክሽልኝ ቆብ ወደ ጆሮዬ አልወርድ ብሎ አናቴ ላይ እንደ ዶሮ ተቀምጧል። ገበያ ወጥቼ አንገቴን ባዘነበልኩ ቁጥር የመቱ ከተማ ሰው ሊቀልብልኝ እጁን ይዘረጋል። የራሴን መጠን ከረሳሽ መልኬንስ ታስታውሺዋለሽ?

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ጤናሽስ፣ ጉልበትሽስ፣ የዚያ አገር ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? ባልሽ ነዚፍ ደህና ነው ወይ? ትንሿ ዘህራ ጥርስ አወጣች ወይስ አሁንም በድዷ ታስፈራራችኋለች? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ካለፈው ማክሰኞ ወዲህ ደግሞ በጣም ደህና ነን።

ምክንያቱን ልንገርሽ። አባትሽ በተወልሽ የቡና መሬት ውስጥ ጣሊያኖች ወርቅ ይፈልጋሉ ብዬ ብጽፍልሽ፣ ከበርን ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። መልሱን ያዘገየሁት እኔም ስላላወቅሁት ነው። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ደስ ይል ነበር። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ለባለመሬቱ ይከፍላሉ፤ ለቆፋሪውም በየቀኑ የአገራቸውን ገንዘብ ሊሬ ይሰጣሉ። ጎረቤታችን ዲንቃ፣ የጣሊያኖቹ መሐንዲስ የእሱን ጓሮ ዘሎ በማለፉ አኩርፎ ሰነበተ። እኔም ባገኘሁት የቤታችንን ክዳን አሳደስኩ።

ሊሬውን ይዤ መቱ ስወርድ ግን ነጋዴው ሱሌማን እንደ ታመመ ጫጩት በሁለት ጣቱ ይዞ አገላበጠውና፣ ጨው የምሸጠው በጠገራ ብር ነው አለኝ። የሚቆፍር እንጂ የሚያርስ ስለጠፋ እህልም ተወደደ። ቡናሽ ሲቀላ ለቃሚ አጣሁ። ስንት ዘመን የለቀመልን ሁንዴሳ እንኳ ዶማ ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ከእንግዲህ ቡና ሥር ጎንበስ አልልም ብሎኝ ሄደ። እኔና አክስትሽ ኩልሱም ብቻችንን ስንለቅም፣ የወገቤ ጩኸት እስከ ኖፓ ሳይሰማ አልቀረም።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። አንድ ቀን ከጉድጓዱ ቢጫ የሚያብረቀርቅ ድንጋይ ወጣ። ሰው ሁሉ ሲደሰት እኔ አስተርጓሚውን ጎንፋን፣ ወርቅ ከሆነ ለእኛ ምን ይደርሰናል ብዬ ጠየቅሁት። መሬቱ ለመንግሥት ይሆናል፣ ለእናንተ ሌላ ቦታ ይሰጣችኋል አለኝ። የት ብለው ጫካውን አሳየኝ። ዝንጀሮዎቹን የጠየቃቸው የለም። ሲፈልጉ የሚከፍሉን ሰዎች ወርቁን ካገኙ የሚነቅሉን መሆናቸው ያኔ ገባኝ። ድንጋዩ ለምርመራ ጎሬ ሄዶ እስኪመለስ፣ የልጅቷን ውርስ በእጄ ላይ አስበላሁባት እያልኩ ስብሰለሰል ሰነበትኩ።

ማክሰኞ መልሱ መጣ። ድንጋዩ ማብረቅረቁን እንጂ ወርቅነቱን አላገኙለትም። መሐንዲሱ ድንኳኑን ነቅሎ ሲሄድ ፊቴን አሳዝኜ፣ ለመንገዱም ሙዝ ሰጥቼ ሸኘሁት። አልከበርንም ከዲጃ፤ ቡናሽ ግን ያንቺው ነው። ጉድጓዶቹ ውስጥም ሙዝ ልተክል ነው። አሁን የቀረኝ ሐሳብ፣ ዛፉ ላይ ያለው ቡና ሳይረግፍ የሚለቅም ሰው ማግኘት ብቻ ነው።

ነዚፍን ሰላም በይልኝ። ለአማትሽ ጤና እለምናለሁ። ዘህራን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ቆቡንም ለእሷ እልክላታለሁ፣ ልኳ ሳይሆን አይቀርም። ኩልሱምንም በጣም ናፍቀሻታል፤ እንዲህ ብለህ ጻፍ እያለች…

ቆይ፣ በር ተንኳኳ። ኩልሱም ከፈተች። ሁንዴሳ ነው። ዶማው የለም፤ ቅርጫት አንግቶ መሬት መሬት ያያል። ስለ ጎንበስ ማለት የነገረኝን ሳላስታውሰው አልቀርም፤ መጀመሪያ ግን ምሳ ይብላ።

አጎትሽ አባስ
ዳሪሙ፣ ኅዳር 1931 ዓ.ም.